ያልሠመረ ስለት

ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ የሄደ ሰው ያንን ድምፅ ማጉያ አይረሳውም። ኮረብታው በሰው ተሸፍኗል፤ ከድሬዳዋም ከሐረርም ከአዲስ አበባም የመጣው መኪና በአስፋልቱ ዳርና ዳር ተደርድሯል። አንድ አገልጋይ ብጣሽ ወረቀቶች በእጁ ይዞ አንዱን ካንዱ እየለየ ያነባል። «ስማቸው እንዲጠራ ያልፈለጉ እናት፣ ልጅ ስለሰጣቸው፣ የአንገት ሐብል!» እልል ይባላል። «ወንድማችን ከአሜሪካ፣ ወረቀቱ ስለተሳካለት፣ አምስት መቶ ዶላር!» እልልታው ይደገማል። «ከከባድ ቀዶ ሕክምና በሰላም የወጡ አባት፣ አንድ ሰንጋ!» ሰንጋው የት እንደታሰረ የሚያይ ባይኖርም እልልታው ይቀልጣል።

ይሄ ሁሉ ሲነበብ ተውሎ የማይሰማ አንድ ማስታወቂያ አለ፤ «አንዲት እናት ተስለው ነበር፤ አልሆነላቸውም» የሚል። እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚጽፍ የለም፤ ቢጻፍም እልል የሚልለት አይገኝም።

ጥያቄው የቆየ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት ስለ አማልክት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ዲያጎራስ ስለሚባል፣ «አምላክ የለሹ» የሚል ቅጽል ስለወጣለት ግሪካዊ የሚነገር ታሪክ አለ። ዲያጎራስ ሳሞትራቄ ደሴት ይሄዳል፤ የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ደሴቷን ያውቃታል፣ ጳውሎስ ወደ መቄዶንያ ሲሻገር ያለፈባት ናት። እዚያ የነበረው መቅደስ ከማዕበል የተረፉ መርከበኞች ስለታቸውን ሲያገቡ ባኖሯቸው ሥዕሎች ተሞልቷል። ወዳጁ «አንተ አማልክት ለሰው ግድ የላቸውም ትላለህ፤ ይኸው እየው፣ ስንቱ ተስሎ እንደዳነ» ይለዋል። ዲያጎራስም «ልክ ነህ፤ ሰጥመው የቀሩት ግን ግድግዳው ላይ የሉም» ብሎ መለሰለት ይባላል። (ይኸው ሰውዬ ሌላ ጊዜ መርከብ ላይ ሳለ ማዕበል ተነሣ፤ መርከበኞቹ «ይሄን ከሃዲ ጭነን ነው» ቢሉ፣ በዚያው ማዕበል የሚናጡትን ሌሎች መርከቦች እያሳየ «እነሱም ላይ ዲያጎራስ ተሳፍሯል?» አላቸው። አፉን የሚያክል ሰው አልነበረም መሰለኝ።)

መልሱ ክርክሩን የሚዘጋ ይመስላል። የሚዘጋው ግን አንዱን በር ብቻ ነው። «ይኸው የሠመረላቸውን ቁጠር» ብሎ የሚሞግት ሰው ካለ፣ አዎ፣ ያልሠመረላቸውንም ቁጠር ይባላል፤ ሒሳብ ነው፣ አለቀ። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። እነዚያ መርከበኞች የሰመጡትን ከዲያጎራስ በላይ ያውቋቸዋል፤ ወንድሞቻቸው፣ አባቶቻቸው ናቸው። ቁልቢ ላይ እልል የሚለው ሕዝብም እንዲሁ ያልሆነላቸውን ያውቃል፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ያልሆነላቸው ናቸው። አያውቁም ማለት ሕዝቡን መናቅ ነው። ታዲያ እያወቁ ለምን ይሳላሉ?

ከሥነ ልቦና ትምህርት ለዚህ ጥያቄ ቶሎ የሚመዘዘው መልስ የርግቦቹ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 (ከዚህ በኋላ የውጭ ሰዎችን ሥራ ስጠቅስ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው) አሜሪካዊው ቢ. ኤፍ. ስኪነር ስምንት የተራቡ ርግቦችን በየሳጥናቸው አስገብቶ በየ15 ሰከንዱ ምግብ የሚያቀርብ መሣሪያ ገጠመላቸው። ርግቧ ብትጮህም ብትተኛም ምግቡ በሰዓቱ ይመጣል። ከስምንቱ ስድስቱ ግን የየራሳቸውን ልማድ አወጡ፤ አንዷ ሳጥኑ ውስጥ ትሽከረከራለች፣ አንዷ ራሷን ወደ ላይኛው ማዕዘን ትወነጭፋለች። እንደ ስኪነር አባባል ርግቧ ምግቡ ሲመጣ ስታደርገው የነበረውን ነገር ይዛ ቀረች፤ እያደረገችው ስለሆነ ምግቡ የመጣ ይመስላታል።

በሃይማኖት ላይ መቀለድ ለሚወድ ሰው ይሄ ሙከራ ሠርግና ምላሽ ነው። ተሳልክ፣ ሆነልህ፣ ደግመህ ተሳልክ፤ ርግብ ነህ ማለት ነው። ነገር ግን በ1971 ስታደንና ሲመልሃግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ነገሩን በጥንቃቄ ደግመው ሠሩትና ያዩት ሌላ ነው። ምግቡ የሚመጣበት ሰዓት ሲቃረብ ርግቦቹ በአብዛኛው የሚያደርጉት አንድ ዓይነት ነገር፣ በአፋቸው መንቆር ነበር። ርግብ ምግብ ስትጠብቅ በተፈጥሮዋ የምታደርገው ነው። ስኪነር ርግቦቹ የፈጠሩት የተሳሳተ እምነት አድርጎ ያነበበው፣ ለእነዚህ ሰዎች የተራበ ፍጡር የሚጠብቅበት ሁኔታ ሆኖ ታያቸው። ከመጀመሪያው ይልቅ ይሄኛው ለስለት የሚቀርብ ይመስለኛል። የተሳለ ሰውም እየጠበቀ ያለ ሰው ነው፤ መጠበቅ ደግሞ ባዶ እጅ አይወድም።

የሰውን ባህልና አኗኗር የሚያጠናው አንትሮፖሎጂስት ብሮኒስላው ማሊኖውስኪ ይህንን ከማንም በላይ አሳምሮ አሳይቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ዛሬ የፓፑዋ ኒው ጊኒ አካል በሆኑት የትሮብሪያንድ ደሴቶች ከርሞ ዓሣ አጥማጆችን ያያል። ደሴተኞቹ የሚያጠምዱባቸው ሁለት ውሃዎች አሉ። አንዱ በቋጥኝ የተከለለ ጸጥተኛ ውሃ ነው፤ ከተክል ሥር የተዘጋጀ መርዝ ጨምረውበት ዓሣውን ይለቅማሉ፤ አደጋ የለውም፣ ባዶ እጅ መመለስም የለም። ሌላው ክፍት ባሕር ነው፤ የወጣ ላይመለስ ይችላል፤ የተመለሰም ይዞ ላይመጣ ይችላል። ለጸጥተኛው ውሃ ምንም ዓይነት ድግምት የላቸውም። ለክፍቱ ባሕር ግን ከታንኳው ጀምሮ እስከ መረቡ ሥርዓት የሌለው ነገር የለም። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፣ ጭንቅላታቸውም ያው ነው። የተለያየው ውሃው ነው።

እኛ ጋ ያለው ሰውም ጸጥተኛውን ውሃ ከባሕሩ ለይቶ ያውቃል። ቡና ለማፍላት የሚሳል የለም። ገበሬው እርሻውን ደጋግሞ አርሶ፣ ዘሩን መርጦ ይዘራል፤ ስለቱ ለበረዶው ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ፎርሙላውን ሌሊት እየተነሣ ይሸመድዳል፤ እናቱ ደግሞ ለውጤቱ ትሳላለች፤ ሥራ ተከፋፍለዋል። ኤምባሲ የሚገባው ሰው ፎርሙን ሦስት ሰው አሳይቶ፣ ባንክ ደብተሩን አስተካክሎ፣ ኮቱን ተውሶ ነው የሚሄደው፤ የተሳለው ከመስኮቱ ወዲያ ለተቀመጠው ሰው ልብ ነው። «ሕዝባችን ሁሉን ነገር ለመላእክት ጥሎ ተቀምጧል» የሚሉ ሰዎች ይህን አይተውት ያውቁ ይሆን? እኔ ያየሁት ሕዝብ የራሱን ድርሻ ጨርሶ፣ ከእጁ ውጪ የሆነውን ብቻ ነው ወደ ላይ የሚልከው። ስለት የልፋት ምትክ ሆኖ አላየሁትም። ልፋት የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው የሚጀምረው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ፣ ዳዊት ለሚደግም ሰው ሁሉ የሚጥም ጥናት አለ። በ2006 የእስራኤልና የሂዝቦላ ጦርነት ሰሜን እስራኤል ላይ ሮኬት ሲዘንብ ሪቻርድ ሶሲስ የተባለ አንትሮፖሎጂስት ከባልደረባው ጋር መዝሙረ ዳዊት የሚደግሙ ሃይማኖተኛ ሴቶችን አጠና። ከሰሜን ሳይወጡ ሮኬቱ ሥር ለቆዩት ሴቶች ዳዊት መድገማቸው ከጭንቀት መቅለል ጋር ተያይዞ ተገኘ። አካባቢውን ለቀው ወደ ሌላ ከተማ ለሄዱት ግን እንዲህ ያለ ነገር አልታየም። የሄዱትን የሚያስጨንቃቸው ማረፊያ፣ ገንዘብ፣ የልጆች ነገር ነበር፤ ይሄ ደግሞ ተነሥቶ የሚሠራ ሥራ እንጂ የሚደገም ዳዊት አይጠይቅም። የማሊኖውስኪ ሁለት ውሃዎች እንደገና መጡ ማለት ነው፤ አሁን ግን በአንድ ሃይማኖት፣ በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ ጦርነት ውስጥ።

የእኛዎቹ አያቶች ቢጠየቁ ጥናት ሳያስፈልጋቸው ይሄንኑ ይሉ ነበር። ከነብዙ ኀዘናቸው እህል የሚወርድላቸው፣ እንቅልፍ የሚወስዳቸው ዳዊታቸውን ጨርሰው ሲያጥፉ ነው። ሮኬቱን አቅጣጫ ያስቀይረዋል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱን የሚመልስ መሣሪያ ሥነ ልቦና የለውም። የሞከሩ ሰዎች አሉ። በ2006 አሜሪካ ውስጥ የልብ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው 1,802 ሕመምተኞች ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት፣ የማያውቋቸው ሰዎች የጸለዩላቸው ካልተጸለየላቸው የተሻለ ነገር አላገኙም አለ። እንዲያውም እንደሚጸለይላቸው በእርግጥ የተነገራቸው ሰዎች ትንሽ በለጥ ያለ የጤና መወሳሰብ ገጠማቸው፤ 59 ከመቶ፣ ተጸልዮላቸው ግን በእርግጥ ካልተነገራቸው 52 ከመቶ ጋር ሲነጻጸር። «የጸሎት ቡድን የተመደበልኝ ምን ያህል ብታመም ነው?» ብለው ደንግጠው ይሆናል ያሉም ነበሩ። በበኩሌ ከዚህ ጥናት የተረዳሁት የማያውቁትን ሰው ስም ዝርዝር ይዞ መጸለይ ለናሙና ሲባል የተፈጠረ ነገር መሆኑን ነው። የገዛ እናት ስትሳል እንዲህ አይደለችም።

እናት ስትሳል መጀመሪያ የምትወስነው ለማን እንደሆነ ነው። «ለእግዚአብሔር» ብሎ ጠቅልሎ የሚሳል ሰው ጥቂት ነው። ለቁልቢው ገብርኤል፣ ለግሸኗ ማርያም፣ ለሰፈር አቡዬ ነው። ባሌ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚሄደውም ባላ በትሩን ይዞ የሚወጣው ወደዚያች ቦታ፣ ወደዚያ ሰው ስም ነው። የነገረ መለኮት መምህራን እዚህ ላይ ይቆጣሉ፤ እግዚአብሔር በሁሉ ቦታ ነው ይላሉ። ልክ ናቸው። ችግሩ የሰው ጭንቅላት በሁሉ ቦታ ካለ አካል ጋር ማውራት አለመልመዱ ነው። ጀስቲን ባሬትና ፍራንክ ኪል በ1996 ያወጡት ሥራ ይህን ያሳያል። ሰዎችን ስለ አምላክ ሲጠይቋቸው «ሁሉን ያያል፣ ሁሉን በአንድ ጊዜ ይሰማል» ይላሉ። ከዚያ አንድ አጭር ታሪክ ያሰሟቸዋል፤ አንድ ልጅ ወንዝ ውስጥ እግሩ በድንጋይ ተይዞ ይጸልያል፣ በዚያው ሰዓት እግዚአብሔር ሌላ አገር የሌላ ሰው ጸሎት እየመለሰ ነው፣ ብዙም ሳይቆይ ድንጋዩን ገፍቶ ልጁን ያወጣዋል። ቆይተው ምን እንደሰሙ ሲጠየቁ ብዙዎቹ «የዚያኛውን ጸሎት ጨርሶ ወደ ልጁ መጣ» ይላሉ። ታሪኩ እንዲህ አላለም። በቃል የሚያምኑት ሁሉን ቻይ አምላክ፣ በሐሳባቸው ውስጥ ተራ አስጠባቂ ሆኖ ተገኘ።

ቀናቱን በወር ውስጥ ከፋፍለን 12ን ለሚካኤል፣ 19ን ለገብርኤል፣ 21ን ለማርያም፣ 23ን ለጊዮርጊስ የሰጠን ሰዎች ይህን የምናውቀው ይመስለኛል። ቀንና አድራሻ ያለው ሰሚ እንፈልጋለን። የሚያስቀው ደግሞ ቁልቢ ላይ ያለውን ሕዝብ አይቶ «ኧረ ገብርኤልስ ስንቱን ይስማ!» የሚል ሰው ሁልጊዜ መኖሩ ነው። የባሬት ተጠያቂዎች በሳሉት መንገድ ነው የሚያስበው፤ ወረፋው አሳስቦታል።

ቁልቢ ራሱ በስለት የቆመ ነው ይባላል። ራስ መኰንን ወደ አድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ በድል ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኑን አሠሩ፤ የዛሬውን ትልቁን ሕንፃ ደግሞ ልጃቸው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አሠሩት። ስለዚህ አባት የተሳለውን ልጅ ያስፋፋበት ቦታ ነው። እዚያ የሚሄደው ሰው ግን በዚህ ታሪክ ተማርኮ አይመስለኝም። የሚያየው ከፊቱ ያለውን ነው። ዳገቱን ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣ ጎልማሳ። በጉልበቷ የምትሄድ ሴት። ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣ፣ ጫማው ያለቀ ሽማግሌ።

ስለ እነዚህ ሰዎች ጆሴፍ ሄንሪክ የተባለ ተመራማሪ በ2009 የጻፈው ነገር አለ። የሰው ልጅ ከሌሎች የሚማረውን የሚያምነው በነገሩት ብቻ አይደለም ይላል። አንድ ሰው «ይህ እንጉዳይ አይመርዝም» ቢለኝ አፉን ነው የሰማሁት፤ ፊቴ ቆርሶ ቢበላ ግን አመንኩት። የማያምን ሰው የማይከፍለውን ዋጋ የሚከፍል ሰው ለተመልካቹ ማስረጃ ይሆናል። እዚህ አገር ማንም ልጅ በክርክር አምኖ አላደገም። እናቱ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ስትጾም፣ ቁርሷን ለእሱ እያበላች ራሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትቆይ አይቶ ነው ያደገው። የቁልቢ ዳገት ያው ነው፤ ድንጋዩን የተሸከመው ሰው አንድም ቃል ሳይናገር ከኋላው ያለውን ሁሉ ያሳምናል።

ሶሲስ ወደዚህም ይመለሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ተመሥርተው የነበሩ 83 የጋራ ኑሮ ማኅበሮችን ሰነድ መርምሮ ሃይማኖተኞቹ ከሌሎቹ ረዘም ያለ ዕድሜ እንደነበራቸው፣ ከሃይማኖተኞቹም መካከል ከአባሎቻቸው ብዙ የሚጠይቁት እንደበለጡ አገኘ። ሃይማኖት በሌላቸው ማኅበሮች ግን ብዙ መጠየቅ ዕድሜ አልጨመረም። ዋጋው ብቻውን አያስተሳስርም ማለት ነው፤ ዋጋው የተቀደሰ ሲሆን ነው።

ከሁሉ ግን ልቤን የያዘው የስፔኑ ነው። ሳን ፔድሮ ማንሪኬ በምትባል ትንሽ መንደር በየዓመቱ ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ በፈረንጅ ጁን 23 ሌሊት፣ ሰዎች በባዶ እግራቸው ፍም ላይ ይራመዳሉ፤ ብዙዎቹ የሚወዱትን ሰው በጀርባቸው አዝለው ነው። በ2011 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች በተራማጆቹም በተመልካቾቹም ደረት ላይ የልብ ምት መለኪያ አሠሩ። የተራማጁ ዘመድ ወይም ወዳጅ የሆነው ተመልካች፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ፣ የልብ ምቱ ከተራማጁ ጋር አብሮ ወጣ፣ አብሮ ወረደ። ለመጎብኘት የመጣው እንግዳ ግን ያንኑ እሳት፣ ያንኑ ሰው እያየ ልቡ በራሱ መንገድ ሄደ። ቁልቢ ላይ የማላውቃት ሴት ልጅ ወለደች ሲባል እልል የሚያሰኘኝ ነገር ምን እንደሆነ ይሄ ጥናት ግማሽ መንገድ ያደርሰኛል። ስለቱ የአንድ ሰው ነው፤ እልልታው ግን የተሰበሰበው ሁሉ ልቡን ለአፍታ የሚያውስበት ነው። በዚያች አፍታ እንግዳ አይደለንም።

ይሄን ሁሉ ካልኩ በኋላ ድምፅ ማጉያውን አልምረውም። የሠመረውን ብቻ እያነበቡ መዋል ጉዳት አለው፤ ጉዳቱ የሚያርፈውም ባልሠመረላቸው ላይ ነው። «ምናልባት በንጹሕ ልብ አልተሳልሽም ይሆናል።» «የቀድሞ ስለትሽን አግብተሻል?» ልጅ ያልወለደች ሴት ይህን ስንት ጊዜ እንደምትሰማ እሷ ትናገር። ሜልቪን ለርነር በ1960ዎቹ ባደረገው ሙከራ ተመልካቾች አንዲት ሴት በኤሌክትሪክ ስትቀጠቀጥ የሚያዩ አስመስሎ አሳያቸው። ሊያድኗት እንደማይችሉ ሲያውቁ ብዙዎቹ እሷኑ ዝቅ አድርገው መገመት ጀመሩ። ዓለም ፍትሕ አላት ብለን እንድንኖር የሚያደርገን ያው ልብ፣ የተጎዳውን ሰው ጥፋተኛ ያደርገዋል። ይህ የእምነት ሰው ብቻ በሽታ አይደለም፤ «ጠንክረህ ብትሠራ ኖሮ» የሚለውም ሰው ያው ነው። ግን መቅደስ ደጃፍ ሲነገር ይከፋል።

አንድ ጎረቤታችን አሉ። ልጃቸው በመተማ በኩል ሱዳን ወጥቶ ወደ ሊቢያ ካለፈ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ድምፁን ካሰማኸኝ ብለው ለሰፈራችን ገብርኤል ዣንጥላ ተሳሉ። ዓመት አለፈ፣ ሌላ ዓመት ተከተለ፤ ስልኩ አልጮኸም። አንድ ታኅሣሥ ላይ ጠርተውኝ አልጋቸው ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠ ረጅም ነገር አወጡ። ከመርካቶ የተገዛ ሐምራዊ ከፋይ ዣንጥላ ነው፤ ጠርዙ ላይ የወርቅ ቀለም ዘርፍ ዙሪያውን ይወዛወዛል። «ልጄ፣ ይሄን ብቻዬን አልችለውም» አሉኝ። ታክሲ ውስጥ ዣንጥላው ከወንበር ወንበር አልፎ ሰው ትከሻ ላይ ሲያርፍ ረዳቱ «ለሱም ሒሳብ አለው» ብሎ ተከራከረን፤ የምን ዣንጥላ እንደሆነ ሲያይ ተወው።

ግቢው ውስጥ ስለት የሚቀበለው ወጣት ደረሰኙን እየጻፈ «እናቴ፣ ለምን ጉዳይ ነው?» አላቸው። ለሚነበበው ወረቀት ነው። ዝም አሉ። ከዚያ «ስለት ነው በል» አሉት። ትንሽ ቆይቶ «ስለታቸው የሠመረላቸው እናት፣ አንድ ዣንጥላ!» ተብሎ ተነበበና ግቢው እልል አለ። እኔ ፊታቸውን ማየት ፈራሁ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ከሰዉ ጋር እልል አሉ።

ሲመለሱ ጠየቅኳቸው፤ ልጁ ድምፁን ካላሰማ ስለቱ አይያዝዎትም ነበር እኮ አልኳቸው። እንደ ውል ካየነው ትክክል ነኝ። ያዕቆብ በቤቴል የተሳለው እንዲህ ነው፤ እንጀራ ከሰጠኸኝ፣ ልብስ ካለበስከኝ፣ በሰላም ወደ አባቴ ቤት ከመለስከኝ አምላኬ ትሆናለህ፣ ከሰጠኸኝም ዐሥራት እሰጥሃለሁ። ያዕቆብ ነጋዴ ነው፤ ምንም አልረሳም።

በዚያች ታኅሣሥ 19 ቀን የሚታሰበው ታሪክ ግን የያዕቆብ አይደለም። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ከእሳቱ ያወጣቸው ገብርኤል ነው ትላለች፤ ሥዕሉ ላይ የምናየውም እሳቱንና ክንፉን ነው። ከእሳቱ በፊት ለናቡከደነፆር የመለሱለትን ግን ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን። አምላካችን ሊያድነን ይችላል ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ፣ ባያድነን እንኳ ለምስልህ እንደማንሰግድ እወቅ ይላሉ። ስለት የምናስገባበት በዓል፣ ስለታቸው ባይሠምርም የማይመለሱ ሰዎች በዓል ነው። ይህን የሚያህል ነገር በድምፅ ማጉያው ሲነገር አለመስማቴ ይገርመኛል። በሥነ ልቦና ጥናቶቹም ውስጥ ቢሆን ይህን የሚለካ መጠይቅ አላየሁም፤ ሁሉም የሚጠይቁት ምን ትጠብቃለህ፣ ምን አገኘህ እያሉ ነው።

ጎረቤታችን የመለሱልኝ አጭር ነው። «ገብርኤል አልሰማኝም አልልም። ሰምቶኛል። እስካሁን ግን እሺ አላለኝም።» ትንሽ ሄድ ካልን በኋላ «እኔ ደግሞ ዣንጥላውን ገዝቼ አልጋ ሥር አስቀምጬ ማየት ሰለቸኝ» አሉ። መካሰሻም መማጸኛም አልነበረበትም፤ እንደ ማንኛውም የቤት ጣጣ ነው የተናገሩት። እንቅልፍ እንደሚወስዳቸው ግን ከዚያ ወዲያ ነገሩኝ። የማሊኖውስኪ ክፍት ባሕር ላይ ያለ ሰው፣ ታንኳው ባይመለስም ሥርዓቱን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲገባ እንደማለት ነው፤ ለዚህኛው ሰው ምን እንደምለው እስካሁን ቃል አላገኘሁም።

ዘንድሮ ለእህታቸው ልጅ ተስለዋል፤ ዱባይ ነው ያለችው፣ አሠሪዋ ደመወዟን ይዟል። ምን እንደተሳሉ ብጠይቃቸው ምንጣፍ ነው አሉኝ። «ዣንጥላ በዝቶባቸዋል፤ ባለፈው ያስረከብነው ጊዜ ዕቃ ቤቱን አላየኸውም?»